ዊንዶውስ ሲቀየር አሮጌው ፕሪንተር ለምን ዝም ይላል?

(በ2018 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና ለኮምፒውተር መምህራን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከብቸና፣ ከሉማሜ፣ ከደምበጫ በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሥራችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ወደ ጉዳዩ ቶሎ ልግባ።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ እዚሁ ከተማ መናኸሪያው አካባቢ ጽሕፈት ቤት ያላቸው አንዲት እናት ጠሩኝ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 አብቅቶ ስለነበር ሁሉም ሰው ኮምፒውተሩን የሚያስቀይርበት ሰሞን ነው። እኔም ማሽናቸውን ፎርማት አድርጌ ባለ 64 ቢቱን ዊንዶውስ 10 ጫንኩላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የመሬት ደብተር ኮፒ የሚያስደርግ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ፕሪንተሩ ዝም አለ። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ነበር፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ትንሹ ነጭ። እትዬ ሲገዙት አብሮ የመጣውን ሲዲ ከነልባሱ አስቀምጠውት ስለነበር አወጡልኝ። ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ “እትዬ፣ ይሄ ፕሪንተር አርጅቷል፤ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አይሄድም፤ ሌላ ይግዙ” አልኳቸው። አመኑኝ። ከመርካቶ በአውቶቡስ አስመጥተው ሌላ ገዙ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ትምህርት ቤት ያንኑ ዓይነት ፕሪንተር ሊያስጠግነኝ ጠራኝ። የዚያን ቀን ረጋ ብዬ ስመረምር ነገሩ ገባኝ። ዊንዶውስ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ የቆየው ባለ 32 ቢት፣ አዲሱ ባለ 64 ቢት። የእትዬ ሲዲ ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተዘጋጀ ነበር። ኩባንያው ደግሞ ለዚያው ፕሪንተር የ64 ቢት ድራይቨር አውጥቷል፤ እኔ ግን አልፈለግሁትም። ያን ቀን ማታ እትዬ ሱቅ ሄድኩ። አሮጌው ፕሪንተር ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አወረድነው፣ ድራይቨሩን ጫንኩ፣ ገጹ ወጣ። እትዬ ወረቀቱን ይዘው ዝም ብለው ቆዩና “ታዲያ ያኔ ለምን ገዛሁ ልጄ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ ጥያቄ ከእኔ ጋር ስለቀረ ነው። እንዲህ ተብለው ያለ ጊዜያቸው የተጣሉ ፕሪንተሮችና ስካነሮች በየወረዳው መጋዘን ስንት እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ንብረት ክፍል ያላችሁ ሂዱና እዩ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ድራይቨር ምን እንደሆነ ልናገር። ብዙዎቻችን “ሶፍትዌሩ” ብለን እናልፈዋለን። ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ አለበት። የፕሪንተሩ ቋንቋ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ይኖራል። የሚለወጠው የዊንዶውሱ ነው። እኛ አፕግሬድ ስናደርግ ፕሪንተሩን ማንም አልነካውም፤ አስተርጓሚው ብቻ አዲሱን ቤት መግባት አቃተው። ዋሸራ ቅኔ ሲዘረፍ የቆመ እንግዳ ግዕዝ ባይሰማ፣ ባለቅኔው ዝም ብሏል አይልም። እኛ ግን ፕሪንተሩን እንደዚያ እንፈርድበታለን።

ዊንዶውስ በሩን ያጠበቀባቸው ጊዜያት አሉ። የመጀመሪያው ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ባለ 64 ቢቱ ቪስታ ወደ ሥርዓቱ እምብርት፣ ከርነል ወደሚባለው ዋና ክፍል፣ የሚገባ ድራይቨር ሁሉ ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም ማን እንደሠራው የሚያረጋግጥ ምልክት፣ እንዲኖረው አስገደደ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ አዲስ የሚወጡ የእምብርት ድራይቨሮች የራሱ የማይክሮሶፍት ፊርማ እንዲኖራቸው ተደረገ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ሲወጣ ባለ 64 ቢት ብቻ ሆኖ ወጣ፤ 32 ቢት የሚባል ዊንዶውስ 11 የለም።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። “የድሮው ወርድ እኮ በአዲሱ ዊንዶውስ ይሠራል፤ ፕሪንተሩ ምን ሆነ?” ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት ፕሮግራሞች የተዘጋጀ ማረፊያ አለው። ወርድ እዚያ ተቀምጦ ይሠራል፤ ወደ እምብርቱ አይገባም። ድራይቨር ግን ከእምብርቱ ወይም ከዊንዶውሱ ከራሱ የኅትመት ክፍል ጋር በአንድ ማድ የሚቀመጥ ነው። የ32 ቢት ድራይቨር የማስታወሻ (ራም) አድራሻን የሚቆጥረው በ32 አሐዝ ነው፤ እነሱ በ64። አንድ ማድ ላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ስለዚህ ዊንዶውስ ጨርሶ አያስገባውም። በእኛ አገር ይህ የበረታበት ምክንያት አለ። ማስታወሻቸው 2 ጊጋባይት የሆነ ኮምፒውተሮች ስለበዙ ለዓመታት የጫንነው ባለ 32 ቢቱን ዊንዶውስ 7 ነው። ሲዲዎቻችንም፣ ፍላሽ ላይ ያጠራቀምናቸው ድራይቨሮችም በአብዛኛው የዚያ ዘመን ናቸው። ከ32 ወደ 64 ቢት ደግሞ በላዩ ላይ አፕግሬድ ማድረግ አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። አሮጌው ድራይቨር ያን ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ ወደምፈልገው ነገር መጣሁ። የአንድ ዕቃ ዕድሜ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚናገረውን ቋንቋ ጠይቁ።

ኤችፒ የመጀመሪያውን ሌዘርጄት እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ ፒሲኤል የሚባለውን የራሱን የኅትመት ቋንቋ ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት አዶቢ ፖስትስክሪፕትን አወጣ። እነዚህ ሁለቱ የታወቁ፣ የተጻፉ፣ ብዙ ፋብሪካ የሚናገራቸው ቋንቋዎች ሆኑ። ፕሪንተሩ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚሰማ ከሆነ የግድ የራሱ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ማንኛውም አስተርጓሚ ይበቃዋል። ኤችፒ ራሱ ለብዙ ሞዴሎቹ የሚሆን አንድ ወጥ ድራይቨር ያዘጋጀው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሌዘርጄት 1320ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው፤ 16 ሜጋባይት ማስታወሻ አለው፤ ፒሲኤልም ፖስትስክሪፕትም ይሰማል። በዓመቱ የወጣው የእትዬ ሌዘርጄት 1020 ግን ያለው 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለምን አነሰ? ገጹን የሚስለው ፕሪንተሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደሉን፣ መስመሩን፣ ማኅተሙን ሁሉ ራሱ ስሎ ጨርሶ፣ የተዘጋጀውን ሥዕል በኩባንያው በራሱ አጻጻፍ ጨምቆ ይልክለታል። ፕሪንተሩ የተላከለትን ያሳርፋል፣ በቃ። ዋጋውም የረከሰው በዚህ ነው። ከዚህም በላይ 1018 እና 1020 የውስጥ ሥራ ማስኬጃ ፕሮግራማቸውን እንኳ በራሳቸው አያስቀምጡም። በተከፈቱ ቁጥር ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ ያጎርሳቸዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ባዶ ሆኖ ይነሣል፤ እንደገና መጉረስ አለበት። ድራይቨሩ ከሌለ የሚያጎርሰው የለም፤ መብራቱ በርቶ ዝም ይላል። “ተቃጥሏል” ብለን የምንፈርደው ያን ጊዜ ነው።

ከሁለቱ በዕድሜ ታላቁ ለአዲስ ዊንዶውስ የማይቸገር፣ ታናሹ በአንድ ድራይቨር ላይ የተንጠለጠለ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም የባሰ ሽማግሌ ልጨምርላችሁ። ፋይናንስ ክፍሎች ደረሰኝ በካርቦን ደርበው የሚያትሙበትን ባለመርፌውን ኤፕሰን ኤልኪው ታውቁታላችሁ፤ ሲያትም ጩኸቱ ኮሪደሩን የሚሞላውን። እሱ የሚናገረው ኢኤስሲ/ፒ የሚባል ቀላል ቋንቋ ነው። ዘመናት አልፈው ዛሬም ተገናኝቶ ይሠራል። እሱን “አሮጌ ነው” ብሎ የጣለ መሥሪያ ቤት ካለ አዝናለሁ።

የእናንተ ፕሪንተር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙዎቹ ሌዘሮች ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ስለራሳቸው የሚገልጽ ገጽ ያትማሉ። እዚያ ገጽ ላይ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ከሌለ፣ የዚያ ዕቃ ድራይቨር ከዕቃው እኩል ውድ ነው፤ እንደ ቤት ካርታ ይቀመጥ። ብዙ ፎቶ ኮፒ ቤት የማየው ካኖን ኤልቢፒ 2900ም የዚህ ወገን ነው። ካኖን የ64 ቢት ድራይቨር አውጥቶለታል፤ ነገር ግን ካፕት ከሚባለው ከራሱ ቋንቋ ሌላ አይሰማም።

አፕግሬድ ከማድረጋችሁ በፊት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ድራይቨር መፈለግ የፈሰሰ መልቀም ነው። እኔ አሁን ማንም ሲጠራኝ ኮምፒውተሩን ከመንካቴ በፊት ከጀርባው የተሰካውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ፕሪንተር፣ ስካነር፣ የባርኮድ ማንበቢያ፣ የጣት አሻራ ማንሻ፣ ሁሉንም። የእያንዳንዱን ሞዴል ከታች ወይም ከጀርባ ካለው ጽሑፍ ቀድቼ እጽፋለሁ። ስሙ የተፋቀ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ከፍታችሁ፣ ዕቃውን መርጣችሁ ዲቴይልስ ከሚለው ሥር ሃርድዌር አይዲ የሚለውን እዩ። እዚያ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ቪአይዲ የሚባለው የሠሪውን ኩባንያ፣ ፒአይዲ የሚባለው የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። ዕቃው አፍ አውጥቶ ስሙን እንደመናገር ነው።

ከዚያ የሚሠራውን ድራይቨር አውጥታችሁ አስቀምጡ። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ፒኤንፒዩቲል የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ የተጫኑትን የሦስተኛ ወገን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር ይገለብጣቸዋል። ያን ፎልደር ፍላሽ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስም ይበላዋል። ሁለት ቦታ አኑሩት። የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ፎንታችሁንም አብራችሁ አስቀምጡ። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረውም በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየበ ደብዳቤ የራሱ ፎንት ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይከፈታል። የአሥር ዓመት ፋይል እንዲህ ሆኖባቸው ያለቀሱ ጸሐፊ አውቃለሁ።

ሌላው የመብራት ነገር ነው። አፕግሬድ እየተካሄደ መብራት ቢሄድ ድራይቨር ብቻ ሳይሆን ዊንዶውሱም ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ከሌላችሁ ተዋሱ። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 በላዩ ላይ ካሻሻላችሁ አሮጌው ዊንዶውስ ለ10 ቀን ስለሚቀመጥ በዚያ ጊዜ ውስጥ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ እነዚያን 10 ቀናት ዕቃዎቻችሁን ሁሉ አንድ በአንድ ለመፈተን ተጠቀሙባቸው። ዲስክ ሞላ ብላችሁ አሮጌውን ዊንዶውስ የያዘውን ፎልደር ቀድማችሁ አታጥፉ። ፈተና ምዝገባ ሰሞን ወይም የበጀት መዝጊያ ሰኔ ላይ አፕግሬድ የሚያደርግ ሰው ደግሞ እባካችሁ አስቁሙልኝ።

አፕግሬዱ ካለፈና ዕቃው እንቢ ካለስ? መጀመሪያ ድራይቨሩን ከመወንጀል በፊት ገመዱን ቀይሩ፤ የዩኤስቢ ማከፋፈያው ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩት። ክረምት ከሆነ ወረቀቱንም ዳስሱ። ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ይጣበቃል፣ ይጨናነቃል። “ዊንዶውስ 11 ካስጫንኩ ጀምሮ ወረቀት ይይዛል” ያለኝ ሰው ነበር፤ ካርቶኑን ከመሬት አንሥተን ደረቅ ወረቀት ስንሰጠው ተስተካከለ።

ከዚያ ወደ ድራይቨሩ። የኩባንያው ገጽ ላይ ለዊንዶውስ 11 የሚል ባታገኙ ለዊንዶውስ 10 ወይም ለ8 የተዘጋጀውን ባለ 64 ቢት ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይቀበላል። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለውንም እዩ፤ ድራይቨር እዚያ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፕሪንተሩ ፒሲኤል የሚሰማ ከሆነ በእጅ ጨምሩትና የቅርብ ዘመዱን ሞዴል ምረጡለት፤ ሁለቱንም ወገን ማተም የመሰለ ልዩ ነገር ሊቀር ይችላል፣ ደብዳቤው ግን ይወጣል። ድራይቨሩ ተጭኖ “አይነሣም” ካለ፣ ዊንዶውስ 11 ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባል ጥበቃ አንዳንድ አሮጌ ድራይቨር እንደሚከለክል እወቁ። እሱን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን የደንበኛ ገንዘብና መረጃ ባለበት ማሽን ላይ አላጠፋም፤ ለአንድ ፕሪንተር ተብሎ የቤቱ በር አይከፈትም። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅልለናል የሚሉ የማይታወቁ ጥቅሎችን ደግሞ አትመኑ። አብሮ የማይፈለግ ፕሮግራም የሚጭን ብዙ ነው።

ስካነር የተለየ ችግር አለው። ለፕሪንተር የጋራ ቋንቋ አለ ብያለሁ፤ ለአሮጌ የዩኤስቢ ስካነር ግን እያንዳንዱ ሞዴል የራሱን ምሥጢር ነው የሚናገረው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወድቀው ስካነር ነው። ካኖስካን ሊዴ 20 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ለ64 ቢት ዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር ከካኖን አልወጣለትም። መስታወቱ ንጹሕ፣ መብራቱ ደህና፣ የሚያነሣው ምስል ጥሩ፤ ግን አስተርጓሚ የለውም።

መውጫው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቪውስካን የሚባል፣ በገንዘብ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው፤ በጣም ብዙ የቀሩ ስካነሮችን በራሱ ያናግራል፤ ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ ቅጂውን በራሳችሁ ዕቃ ላይ ፈትኑት። ሁለተኛው እኔ የምወደው ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራው ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስ። ሊኑክስ ላይ ሴን የሚባል የስካነር ማስኬጃ አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች የእነዚህን ዕቃዎች ቋንቋ አጥንተው ለሕዝብ የጻፉት ነው፤ ሊዴ 20ም በውስጡ አለ፣ ሊዴ 110ም አለ። ለፕሪንተር ደግሞ ካፕስ የሚባል የኅትመት ማስኬጃ አለ። የእትዬ 1020 እንኳ የሚጎርሰው ፕሮግራም ከተጨመረለት ሊኑክስ ላይ ያትማል። ኩባንያው የተወውን ዕቃ የማያውቁን ሰዎች ሳይከፈላቸው ይዘውልን ቆይተዋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ።

ደግሞ ለመሞከር ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም። ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሣላችሁ። ዊንዶውሳችሁ አይነካም። ስካነሩን ሰክታችሁ ካነሣ፣ ዕቃው ጤነኛ መሆኑ በአሥር ደቂቃ ተረጋገጠ። አንድ ዕቃ “ሞቷል” የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረሜ በፊት አሁን ይህን ሳላደርግ አልፈርምም። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አባላት ካላችሁ፣ እናንተም አትፈርሙ።

አሮጌውን ኮምፒውተር ራሱን ለአሮጌው ዕቃ ድልድይ አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል። አንድ ጥግ ላይ ዊንዶውስ 7 ያለው ማሽን ከስካነሩ ጋር ይቀመጣል፤ ሥራው ማንሣት ብቻ ነው። ይህ ጥሩ መላ ነው፤ ግን ኢንተርኔት አይድረስበት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ያጥለቀለቀው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው አሮጌ የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ ገብቶ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ፋይል ለመጋራት የሚያውቀው ያን ብቻ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ዊንዶውስ 10 ኤስኤምቢ 1ን ወይ ሳይጭን ይመጣል፣ ወይም ካልተጠቀሙበት ራሱ ያነሣዋል። “ኤክስፒው ከአዲሱ ጋር ሼር አልሆን አለኝ” የምትሉት ለዚህ ነው። አታስከፍቱት። ፋይሉን ለዚያ ሥራ ብቻ በተለየች ፍላሽ አሻግሩ፣ አዲሱ ማሽን ላይ ስትሰኩም በፀረ ቫይረስ አስፈትሹ። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ ካለው ደግሞ ቨርቿልቦክስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ውስጥ አሮጌውን ዊንዶውስ ማስነሣትና ዕቃውን በዩኤስቢ ለእሱ መስጠት ይቻላል፤ አሮጌ ቤት በአዲስ ግቢ ውስጥ እንደመሥራት።

የክሊኒክ ሰዎች ስለ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ጠይቃችሁኛል፤ ባለ ዘጠኝ መርፌውን ገመድ ወደ ዩኤስቢ ስለሚቀይረው ማገናኛ። ውስጡ ያለችው ቺፕ ናት ወሳኟ። ፕሮሊፊክ 2303 የሚባለው የቆየ ቺፕ በአዲሱ ድራይቨር አይነሣም፤ ኩባንያው የቀድሞዎቹን ትውልዶች ትቷቸዋል። ማገናኛውን ብቻ ቀይሩ፤ ዋናውን መሣሪያ አትንኩ።

ለምን አሁን እንደምቸኩል ልንገራችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የ2012ቱ ሰሞን ተመልሶ መጥቷል፤ ሰው ሁሉ ሊያስቀይር ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የፕሪንተር ኩባንያዎች ድራይቨሮችን በዊንዶውስ አፕዴት ማሰራጨቱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። ወደፊት የሚፈለገው አይፒፒ የሚባለውን የጋራ ቋንቋ የሚናገር ፕሪንተር ነው። ለአዲሶቹ መልካም ዜና ነው፤ አዲስ ስትገዙም አይፒፒ ወይም ሞፕሪያ የሚለውን ጠይቁ። የእናንተን አሮጌ ዕቃ ድራይቨር ግን ዛሬ በእጃችሁ ካልያዛችሁት ነገ ከዊንዶውስ እየመጣ አይጠብቃችሁም። የኩባንያው ገጽ ላይ ሳለ አውርዱት።

ጥያቄ አለ መሰለኝ፤ ቀጥሉ መምህር።

መምህሩ ያሉት ይህ ነው፦ ትምህርት ቤታቸው 20 ያህል ኮምፒውተሮች አሉት፤ ዊንዶውስ 11 “አይሆንም” ብሏቸዋል፤ ፕሪንተሩና ስካነሩ ግን ይሠራሉ፤ ምን ይሻላል?

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ከሆነም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። በጓሮ በር የሚያስጭኑ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ ማሻሻያ ወዲህ ግን እንደ ኮር 2 ዱዎ ያሉት በጓሮም አይነሡም። መምህር፣ እኔ ብሆን 20ውን ለሁለት እከፍላቸዋለሁ። ተማሪ የሚማርባቸውን ሊኑክስ አድርጌ፣ መጻፍና ማስላት በሊብረኦፊስ አስተምራለሁ፤ ዕድሜያቸው ይረዝማል። የአስተዳደሩን አንድ ሁለት ማሽን ደግሞ ማይክሮሶፍት የሰጠውን የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አስመዝግቤ በዊንዶውስ 10 አቆያለሁ፤ ለግል ማሽን ያ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ነው፣ የመሥሪያ ቤት ምዝገባው ለብቻው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስካነሩን በሊኑክስ ፍላሽ ፈትኑ። ከተነሣ፣ የስካነሩ ማሽን ሊኑክስ ይሁን። ካልተነሣ ደውሉልኝ፤ ብቸና ድረስ እመጣለሁ።

በሉ፣ ሻዩ ደርሷል። ፕሪንተርና ስካነር ይዛችሁ የመጣችሁ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሯቸው፣ ሞዴሉን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሁለት የሊኑክስ ፍላሽ አዘጋጅቻለሁ፤ ዩፒኤሱም ተሰክቷል። ያን “አይሠራም” የተባለውን ሊዴ ይዘው የመጡት እናት፣ በእርስዎ እንጀምር።